እንቁላል ሳንሰብር እንቁላል ማስዋብ

(በማኅበራችን የየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. ስብሰባ ላይ በልጆች ዝግጅት ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)



  ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለገቡ ስብሰባችን ያለ ቡናና ያለ ዳቦ ሆኗል። ስለዚህ ንግግራችን ትንሽ ቢረዝም የሚቀዘቅዝ ቡና የለም።

እንድንናገር የተሰጠን ርእስ ስለ ኢስተር እንቁላል ነው። «እሱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ከኮሚቴያችን አንዷም መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ለአዲስ አባላት በአጭሩ እንንገራቸው።

በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ መጋቢት 22 ቀን ዋለ። በእኛ የመፃጉዕ እሑድ ነበር፤ ለፋሲካችን ገና አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት እየመጡ «የእኛ እንቁላል የት አለ?» ሲሉን፣ ከዋዜማው ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይተን ሥልሳ ለሚሆኑ ልጆች ዝግጅት አደረግን። መዝገባችን ላይ አለ፦ 20 ደርዘን እንቁላል 62 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ ቀለምና ኮምጣጤ 19 ዶላር ከ60 ሳንቲም፣ በድምሩ 82 ዶላር። ሌሊቱን ስንቀቅል አደርን።

ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን መካድ አንችልም። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የቀባውን እንቁላል ልጦ ሲበላ እናቱ ደረሰች። ልጁ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጾም ጀምሮ ነበርና እናቱ በኛ ላይ ተቆጣች። ሌላ እህታችን «ልጅ ነው፣ ምን አለበት» ብላ መለሰች። ከዚያ የማን ልጅ ይጾማል፣ የማን አይጾምም፣ ማን ሃይማኖት ያውቃል፣ ማን አያውቅም ወደሚል ሄደ። በዚያው ቀን የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅና አንገት በሽፍታ ተሞላ፤ የእንቁላል አለርጂ እንዳለባት ማናችንም አልጠየቅንም ነበር። ሁለት እህቶቻችን ከዚያ ቀን ወዲህ ስብሰባ መጥተው አያውቁም። አንደኛዋ መዋጮዋን በየወሩ ሳታዛንፍ ትልካለች፤ ፊቷን ግን አላየንም።

ከሁሉም የከበደን እንቁላሉ መጣሉ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አይበላም የሚል የጤና መመሪያ አለ። የኛ አምስት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ውሏል። ቢቀዘቅዝም የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው፣ ጾሙ ግን አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ሁለት መቶ የሚሆን እንቁላል በጥቁር ከረጢት አስረን ስናወጣ፣ አንዲት ትልቅ እናታችን በር ላይ ቆመው አዩን። እሳቸው ባደጉበት አገር እንቁላል የሴት ገንዘብ ነበር፤ ጨውና ጋዝ የሚገዛው ከእንቁላል በተገኘ ሳንቲም ነው። ምንም አልተናገሩንም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ። ቢናገሩን ይሻለን ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ዝግጅቱን ጨርሶ ተውነው። የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ጥያቄውም ቀዝቅዞ ነበር። እንቁላሉም በወፍ ጉንፋን ምክንያት ተወዶ በመጋቢት ወር የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ በዚህ አገር 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሷል። 20 ደርዘን 124 ዶላር ከ60 ሳንቲም ማለት ነው። ለመጣል!

ዘንድሮ ጥያቄው ተመልሷል። የፈረንጆቹ ፋሲካ መጋቢት 27 ቀን፣ በሆሳዕናችን ዕለት ይውላል። የኛ ልጆች ዘንባባ ጣታቸው ላይ አስረው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የጎረቤት ልጆች ሣሩ ላይ እንቁላል ይፈልጋሉ።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት እንቁላሉ ከየት እንደመጣ ብናውቅ ይጠቅማል፤ እኛን ጠቅሞናልና። በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖችም በዐቢይ ጾም እንቁላል አይበሉም ነበር። ዶሮዋ ግን ጾም አታውቅም፤ ትጥላለች። አርባ ቀን የተጠራቀመው እንቁላል ለፋሲካ ይቀቀላል፣ ይቀለማል፣ ለልጅና ለአገልጋይ ይታደላል። የምሥራቆቹ፣ ለምሳሌ ግሪኮቹ፣ የጌታን ደም ለማስታወስ ቀይ ይቀቡታል። የሒሳብ ሰው የምትወደው አንድ ማስረጃም አለ፦ በ1290 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ቤተ መንግሥት የወጪ መዝገብ ላይ፣ በቀለምና በወርቅ ቅጠል ለሚያጌጡ 450 እንቁላሎች 18 ፔንስ እንደወጣ ተጽፏል። ከ700 ዓመት በላይ የቆየ የእንቁላል ወጪ ስናይ የኛ 82 ዶላር ትንሽ ቀለለን።

እንግዲህ እንቁላሉ የጾም መፍቻ ነበር። እዚህ አገር ጾሙ ለብዙዎች ቀርቶ እንቁላሉ ብቻውን ቀረ። እኛ ደግሞ ጾሙን ይዘን ነው የመጣነው፤ ልጆቻችን በመሃል ቆመዋል። እንቁላልን ለምልክት ማዋልም ለኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ይደረጋል። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም ይባላል፤ እግዚአብሔርም ሕዝቡን እንዲሁ ይጠብቃል ብለው አባቶች ያስተምሩበታል። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው ከምንም በላይ የጠየቁን «ሰጎኗ አትናደድም ወይ?» ብለው ነው።

አሁን ስለ አንዲት እናትና ልጅ እንንገራችሁ። ሁለቱም ፈቅደውልናል፤ እናትየው እዚሁ ተቀምጣለች።

ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ከገባች በኋላ ቪጋን ሆነች። ቪጋን ማለት ለኛ በአጭሩ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ የሚበላ ሰው ነው፤ ሬስቶራንቶቻችንም የጾም በያይነቱን በዚሁ ስም ይሸጡታል። ግን አንድ አይደሉም። ጾመኛ ማር ይልሳል፣ ቪጋን ግን የንብ ነው ብሎ ማርም ይተዋል። ጾም ደግሞ ይፈታል። በ2017 ፋሲካ እናት ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሳ ሁለት ቀን የለፋችበትን ዶሮ አቀረበች። ልጅ «አልበላም» አለች። «ሥጋውን ተይውና እንቁላሉን ብይ።» «እንቁላሉንም።» በቤተ ክርስቲያናችን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ እናት የሰማችው «ፋሲካን እጾማለሁ» የሚል ነው። ወይ ታማለች፣ ወይ ሃይማኖቷን ጥላለች ብላ አለቀሰች። ልጅቷ «እማዬ ጾም አይደለም፣ ስለ ዶሮዎቹ ነው» ብትል የሚሰማት አላገኘች።

ለሦስት ወር በደንብ ሳይነጋገሩ ቆይተው እናትየው ወደኛ መጣች። ልጅቷንም ጠራናት። የነገረችን ይህ ነው፦ በትልልቆቹ የእንቁላል ዶሮ መፈልፈያዎች ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥል፣ ለሥጋም ዝርያው አይሆን፤ ስለዚህ በተፈለፈለ ቀን ይገደላል። ጀርመን ይህን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ በብዙ አገር ግን የተለመደ አሠራር ነው። እናትየው ይህን ስትሰማ ዝም አለች። እሷ ያደገችው ግቢ ውስጥ ዶሮ በሚርመሰመስበት ቤት ነው። «እኛ ቤት ወንዱ አድጎ አውራ ዶሮ ሆኖ ለበዓል ይሸጣል እንጂ ጫጩቱን ማን ይገድለዋል?» አለች። ሽማግሌ ሆነን የማንንም ወገን አልያዝንም። ዶሮ የምንበላ ነን፣ ነገም እንበላለን። ግን ልጅቷ እናቷን አልናቀችም፤ ይህን ለእናትየው መንገር የኛ ድርሻ ነበር።

ያስታረቃቸው የሽምብራ ዓሣ ነው። መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችን በጾም የሽምብራ ዱቄት ለውሰው በዓሣ ቅርጽ እየቆረጡ ይጠብሱና ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ቡቲቻንስ ቢሆን አይቶ እንቁላል ፍርፍር ያልመሰለው ማን አለ? ያልተፈቀደውን በተፈቀደው ማስመሰል የኛ ማድ ቤት የቆየ ሙያ ነው። እናትየው ለእንቁጣጣሽ ሊጡን በዓሣ ፋንታ እንደ እንቁላል አድቦልቡላ፣ ጠብሳ፣ ቅቤ የሌለበት ቀይ ወጥ ውስጥ ለልጇ ለብቻ አቀረበችላት። «ያልፍላታል» ትላለች አሁንም። ልጅቷም እስካሁን አላለፈላትም።

ለዚህ ስብሰባ የሚያስፈልገው ቁም ነገር ልጅቷ ከዚያ በኋላ ወደ ኮሚቴያችን መጥታ «ልጆቹን እኔ አሠራቸዋለሁ፣ አንድ እንቁላል ሳንነካ» ማለቷ ነው። ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሞክረናል። ያገኘነውን እንነግራችኋለን።

በጣም የወደድነው የጋዜጣ እንቁላል ነው። ትንሿን የውሃ ፊኛ በአየር የእንቁላል ያህል ትነፏታላችሁ። አንድ እጅ ዱቄትና አንድ እጅ ውሃ ትበጠብጣላችሁ፤ ልጅ ሆነን የደብተር ሽፋን የምናጣብቅበት ያው ሙጫ ነው። ጋዜጣውን በጣት ስፋት ቀዳችሁ እያጠቀሳችሁ ሦስት ዙር ትለብጧታላችሁ። የመጨረሻው ዙር ነጭ ወረቀት ቢሆን ቀለሙ ይፈካል። አንድ ቀን ተኩል፣ ዝናብ ከሆነ ሁለት ቀን ይደርቃል። ከዚያ ፊኛውን በመርፌ ወግቶ በቀዳዳው ማውጣት ነው፤ ልጆቹ የሚሻሙት ይህንን ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ለባጩ አንድ ቅዳሜ፣ ቀለሙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሆናል። ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፊኛና የፊኛ ቁራጭ አደገኛ ነውና ትንንሾቹ በሌላ ጠረጴዛ ይሁኑ።

የጨው ሊጥ ሁለተኛው ነው፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ የማይሞላ ውሃ። ድፍኑን እንቁላል አድርገን የጋገርነው ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ተሰነጠቀ። ፎይል ጨብጠን በላዩ ላይ ሊጡን በስሱ ስንለብጠው ግን በ200 ዲግሪ ፋራናይት፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ድንጋይ ሆነ። የተጋገረውን ቀለም ውስጥ መንከር አይቻልም፣ ይሟሟል፤ ቀለሙ ገና ሲቦካ ከውሃው ጋር ይግባ፣ ወይም በኋላ በብሩሽ ይቀባ። ሊጡ ጨው ብቻ ስለሆነ ልጅ እንዳይበላው፣ ውሻ ያላችሁም ውሻው እንዳያገኘው ተጠንቀቁ።

የእንጨት እንቁላል ይገዛል። የቤት ሥራ የሌለው እሱ ነው፤ አለርጂም፣ ሽታም፣ መጣልም የለበትም። ለዚህ ከተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዋይት ሐውስ ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋሲካ ማግስት ልጆችን ሣሩ ላይ እንቁላል ያንከባልላል፣ ከ1981 ወዲህ ደግሞ ለመታሰቢያ የሚሰጠው የእንጨት ነው። ቫርኒሽ ያልተቀባውን ጠይቃችሁ ግዙ፤ የተቀባው የቤት ቀለም አይዝም። ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አንልም። ርካሽ ነው፣ ይሰበራል፣ በየሣሩ ሥር ይቀራል። ቤታችሁ ካለ አምጡት፣ አዲስ ግን አንገዛም።

ለማዕድስ? እዚህ ላይ ከልጅቷ ይልቅ የረዳችን ቀይ ሥር በድንች ናት። ወጡ ውስጥ ድንቹ ሮዝ ሆኖ እንደሚወጣ ማን አያውቅም! የእንቁላል ቅርጽ ያላቸውን ትንንሽ ድንቾች ልጠን ግማሹን በቀይ ሥር ውሃ፣ ግማሹን በእርድ ቀቀልናቸው፤ ሮዝና ቢጫ ሆኑ። በጨውና በዘይት ለልጆቹ ስናቀርብ ሳሕን አልቆ ተመለሰ። ጾመኛውም፣ የማይጾመውም፣ እንቁላል የማይስማማትም ልጅ በላች። ሙስሊም ልጆቻችን ጾመኛ ከሆኑ ለማፍጠሪያ ይቋጠርላቸዋል ብለን ነበር፤ ዘንድሮ ግን የኛ ዝግጅት ሲደርስ ረመዳን ያልፋል፣ አብረው ይበላሉ።

የቤት ቀለም ከፈለጋችሁ ቀዩን ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። አንዱ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስነስ ስታደርጉበት ሰማያዊ ይሆናል፣ ሌላው ላይ ሎሚ ስትጨምሩበት ሮዝ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ካየች በኋላ የእናቷን ሎሚ ጨርሳለች። ከርከዴ፣ ቡናና የሽንኩርት ልጣጭም ይሆናሉ። የቤት ቀለም እንደ ሱቁ አይደምቅም፤ ለእንጨቱ ግን ያምርበታል።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ከረሜላ። እንቁላሉን ካስቀረን በኋላ በፕላስቲኩ ውስጥ የምንጨምረው ጾም የሚያስፈታ ከሆነ ምን ጠቀመን? መለያውን አንብቡ። ማርሽሜሎ አብዛኛው ጀላቲን አለበት፤ ጀላቲኑም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው፣ ይህ ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ነው። ካርማይን የሚል ቀይ ቀለም ካያችሁ ከነፍሳት የሚወጣ ነው። ሼላክም እንዲሁ የነፍሳት ነው፤ አንዳንድ የሚያብረቀርቅ ከረሜላ በእሱ ይለበጣል። ቸኮሌት ጥቁር ቢሆንም ወተት ሊኖርበት ይችላል። እኛ የተስማማነው በዘይት በተሠራ ዳቦ ቆሎ፣ በቴምርና ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ ኳርተር ነው። ኳርተሩ የሒሳብ ክፍሉ ሐሳብ ነው፤ ልጆቹ ዕቁብ ይጥሉበት ብለናል። ኦቾሎኒ አይግባ።

«ለምን ጭራሹን አንተወውም?» ላላችሁን እህቶች የምንመልሰው አለን። መተው ትችላላችሁ፤ ማንም አይገደድም። ግን ልጁ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄድ «አንተስ ምን ሠራህ?» ይባላል። «እኛ አናደርግም» ብሎ ከሚያቀረቅር፣ በእጁ የሠራውን ይዞ «ጾም ላይ ነን፣ ስለዚህ በጋዜጣ ሠራነው» ቢል እንመርጣለን። የኛንም አላስቀረንም። ቅዳሜ መጋቢት 26፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ይኖራል። በአንዱ ልጆቹ እንቁላላቸውን ይቀባሉ። በሌላው ያን ዕለት በር ላይ ቆመው ያዩን እናታችን የዘንባባ ቀለበትና መስቀል መጎንጎን ያስተምራሉ፤ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል። ዘንባባ ለመጎንጎን ዶሮም፣ ላምም፣ ንብም አያስፈልግም። ልጅቷ ይህን ስትሰማ «ታዲያ እናንተ ድሮም ቪጋን ነበራችሁ» ብላ ሳቀችብን።

ሒሳቡ እነሆ። የእንጨት እንቁላል 60 ፍሬ 38 ዶላር፣ ዱቄት 7፣ ጨው 3፣ ፊኛ 4፣ ቀለምና ብሩሽ 22፣ በድምሩ 74 ዶላር። የሚበላው ድንችና ዳቦ ቆሎ በአባላት መዋጮ፣ ኳርተሩ ከኮሚቴው ኪስ ነው። ከ2016ቱ የሚያንሰው 8 ዶላር ብቻ ነው፣ ግን 38ቱ ዶላር አይጣልም። የእንጨት እንቁላሎቹ ከድስቶቹና ከወንበሮቹ ቀጥለው በንብረት መዝገባችን ይገባሉ። የጋዜጣውንና የጨው ሊጡን ልጆቹ ወደየቤታቸው ይወስዳሉ፤ የእንጨቱ ለፍለጋው ብቻ ነው፣ ተቆጥሮ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ሣጥኑ ማን ቤት እንደሚቀመጥ አልወሰንንም፤ ደረቅ ቦታ ያላት ትንገረን።

የቀሩን ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የልጆቻችሁን አለርጂ ዛሬ በሚዞረው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ባይኖርም «የለም» ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ለባጩ መጋቢት 19 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይጀመራልና ስምንት ረዳት እንፈልጋለን። ሦስተኛው፣ ለቀሩት ሁለት እህቶቻችን ጥሪውን በስልክ ሳይሆን ቤታቸው ሄደው የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከኮሚቴው አንዳችን እንሄዳለን፤ ከዚያ ቀን ጠብ ውጪ የነበረች አንዲት እህት ብትጨመርልን ደስ ይለናል።

እስከዚያው ለወጥ ሽንኩርት ስትከትፉ ልጣጩን አትጣሉብን። በወረቀት ከረጢት አጠራቅሙልን፣ ቀዩንና ቢጫውን ለየብቻ፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል።